ሁለት ስም ያለው ካርድ

አንድ ጊዜ፣ ገደል ሥር በሚባል ቆላማ ሸለቆ፣ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ምንጭ እየጠጡ ይኖሩ ነበር። ውሃው ከቋጥኝ ሥር ይፈልቅና ዙሪያው በድንጋይ በተካበ ኩሬ ይጠራቀማል፤ ከኩሬውም ወደየቤተሰቡ ሰፈር አንድ አንድ ቦይ ይወርዳል። ክረምት ሲሆን ውሃው ለሁሉም ተርፎ ይፈሳል። በጋ ሲገባ ግን ግፊያው ለጉድ ነው። ጎሽ በትከሻው፣ ከርከሮ በጥርሱ፣ ጦጣ በጩኸቷ ይዋጋሉ፤ በመጨረሻ ከሚጠጣው ይልቅ የሚደፋው ይበዛል።

ይህ ያሰለቸው አንበሳ አንድ መላ አመጣ። በየቦዩ አፍ ላይ በሞተር የሚነሳና የሚወርድ የብረት መዝጊያ አስተከለ። መዝጊያዎቹን የሚያዝዝ ኮምፒውተር በቋጥኙ ጥላ ሥር አስቀመጠ፤ ከቋጥኙ አናት ላይ ደግሞ የሶላር ሰሌዳ ዘረጋ። ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣው የጠየቀ የለም። አንበሳን «ከየት አመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ቀጥሎ ፕሮግራሙን የሚጽፍ ተፈለገ። ዝሆን ሞከረ፤ እግሩ አንዴ ሲያርፍ አሥር ቁልፍ ይጫናል። ጅብም ሞከረ፤ ኪቦርዱን ማኘክ ሲጀምር ነጠቁት። ቀበሮ ግን ጣቶቹ ቀልጣፋ፣ ምላሱ ደግሞ ከጣቶቹ የባሰ ቀልጣፋ ነበርና ይህ ለእሱ የአንድ ሳምንት ሥራ መሆኑን ተናግሮ ወንበሩን ያዘ።

እውነትም ያውቅበታል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ካርድ ይከፍታል፤ ካርዱ ላይ መዝጊያው መቼ እንደሚከፈትና ምን ያህል ክፍት እንደሚቆይ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ በየማለዳው የቤተሰቦቹን ስም በተራ ይጠራል፣ ስሙ ወደሚያመለክተው ካርድ ይሄዳል፣ እዚያ ያነበበውን ይፈጽማል። የጎሽ ስም ወደ ጎሽ ካርድ፣ የጦጣ ስም ወደ ጦጣ ካርድ ያመለክታል። ነገሩ ይኸው ነው።

ቀበሮ የአሥራ አንዱን ቤተሰብ በአምስት ቀን ጨረሰ። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረው የአህያ ቤተሰብ ብቻ ነበር። ሙቀቱ ድንጋዩን ያግላል፣ የቀበሮም ዓይን ይከደናል። የተሰጠውን ቁጥር ሲያይ የአህያ ድርሻ ከጅብ ድርሻ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ሁለቱም ሃያ ሃያ ነፍስ አላቸው፤ ለሁለቱም ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል፣ ለአንድ ሰዓትም ይቆያል። ያንኑ እንደገና መጻፍ ከንቱ ድካም መሰለው። አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ የአህያ ካርድ ማለት የጅብ ካርድ ነው።

እሱ እንኳ የገመተው ኮምፒውተሩ የጅብን ካርድ አይቶ ሌላ ተመሳሳይ ካርድ ይሠራልኛል ብሎ ነበር። ኮምፒውተር ደግሞ የታሰበውን አያውቅም፤ የተጻፈለትን ይፈጽማል። አዲስ ካርድ አልሠራም። የአህያን ስም ወስዶ ወደዚያው ወደ ጅብ ካርድ እንዲያመለክት አደረገና ዝም አለ። ካርዱ አንድ፣ ስሙ ሁለት ሆነ።

በማግስቱ አሥራ ሁለቱም መዝጊያዎች በሰዓታቸው ተከፍተው በሰዓታቸው ተዘጉ። እንስሳቱ ተደነቁ። አንበሳ እያዘገመ መጥቶ ስክሪኑን በጎን አየት አደረገውና ሁሉም የየራሱ ካርድ እንዳለው ጠየቀ።

«ሁሉም የየራሱ አለው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ።

የቦዮቹ ጠባቂ ኤሊ ነበረች። አሮጊት ናት፣ ስትሄድ ቀስ፣ ስታስብም ቀስ ትላለች፤ የያዘችውን ነገር ግን አትለቅም። አንገቷን አውጥታ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። «ስሞች አሥራ ሁለት፣ ካርዶች አሥራ አንድ» ይላል። ይህ ለምን እንደሆነ ቀበሮን ጠየቀችው።

ቀበሮም አላወቀውም። አለማወቁን ማሳየት ግን አልፈለገምና «እማማ ኤሊ፣ ኮምፒውተር የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ ነው» አላት።

ኤሊ ራሷን ነቅንቃ መንገድ ጀመረች። ካርዱ ከዜሮ የሚቆጠር ከሆነ ስሙስ ለምን ከዜሮ አልተቆጠረም የሚለው ጥያቄ የመጣላት ቁልቁለቱን ግማሽ ከወረደች በኋላ ነው። በእሷ እርምጃ ደግሞ ያን ዳገት መመለስ ቀላል ነገር አልነበረም።

በጋው ሲገፋ ምንጩ ቀጠነ። አንድ ረፋድ ላይ ጅብ ወደ ቀበሮ መጣና ስለ ጤናው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ ጠየቀው። ጅብ የሌላውን ጤና ሲጠይቅ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ጉዳዩን አወጣው፤ ውሃው አልበቃውምና ግማሽ ሰዓት እንዲጨመርለት ይፈልጋል። ቀበሮ ይህ ያለ አንበሳ ፈቃድ እንደማይሆን ነገረው። ጅብም ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሚያገኘው ሥጋ ሁሉ ጉበቱን ለቀበሮ እንደሚያስቀምጥ ቃል ገባ።

ቀበሮ ጉበት ይወዳል። የፈቃዱ ነገር ድንገት ቀለል ብሎ ታየው፤ የጅብን ስም ጠርቶ ካርዱ ላይ አንድ ሰዓት የነበረውን አንድ ሰዓት ተኩል አደረገው።

በማግስቱ ጅብ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ጠጥቶ ሲያበቃ ኮረብታው አናት ላይ ወጥቶ በወዲያኛው ተዳፋት ቁልቁል ቢያይ፣ አህዮች ቦያቸው ዳር ረክተው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹም ጭቃው ላይ ይንከባለላሉ። የእነሱም መዝጊያ ገና አልወረደም። ጅብ የራሱን ጭማሪ ረሳውና የእነሱ ጭማሪ አንገበገበው። ሮጦ ወደ ቀበሮ መጣ።

«አህያስ ምን ልትሰጥህ ነው?» አለው። «ሣር?»

ቀበሮ ምን እንደሚያወራ አልገባውም። የአህያን ስም ጠርቶ ሲያይ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ወደ ካርዷ ዝር አላለም ነበር፤ ይህንን ያውቃል። ምናልባት ጣቱ አዳልጦት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና፤ ለጅብም ነገሩ ትንሽ ስህተት መሆኑን ነገረው። ጅብ ግን በዚህ የሚበርድ አልሆነም። የአህያ ድርሻ ወደ ሩብ ሰዓት ይውረድ አለ፤ ካልሆነ ያለ ፈቃድ የተጨመረለትን ግማሽ ሰዓት እሱ ራሱ ሄዶ ለአንበሳ ይናገራል። ይህን ሲል እሱም አብሮ እንደሚቀጣ አልታየውም፤ ለቀበሮ ግን የራሱ ቅጣት ቁልጭ ብሎ ታየው። እያቅማማ የአህያን ስም ጠራና አንድ ሰዓት ተኩሉን ወደ ሩብ ሰዓት አወረደው። ኅሊናው ቆረቆረው። ጉበቱን ሲያስብ ለቀቀው።

በማግስቱ ማለዳ ጅብ እንደ ልማዱ ራሱን ቦዩ ውስጥ ነክሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣ ነበር። ሩብ ሰዓት ሲሞላ መዝጊያው ጧ ብሎ ወረደና ጆሮውን ያዘው። ቤተሰቡ ተረባርቦ ሲያላቅቀው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ አንዱን ጆሮ አጥፎ ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። የእሷን ይቀንስ ብሎ የራሱ ለምን እንደተቀነሰ ጠየቀ። ቀበሮ ጅብን ነገ አስተካክልልሃለሁ ብሎ በብዙ ልመና ሸኘው።

ጅብ ከመሄዱ አህያ መጣች። የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነበርና ዳገቱን የወጣችው ሦስት ጊዜ እያረፈች ነው። አልጮኸችም፣ አልከሰሰችም። ውሃው ለሁሉም ቀንሶ ከሆነ እንደምትችለው፣ ግን በመንገዷ ላይ የጎሽ ቦይ ሞልቶ ሲፈስ አይታ ነገሩ ስለከበዳት ለመጠየቅ እንደመጣች ነገረችው። ቀበሮ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሽቶ የእናንተ ሞተር እየተጠገነ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይስተካከላል አላት።

«እግዜር ይስጥህ፣ አያ ቀበሮ» አለችው። «ለእኛ ብለህ እንቅልፍ ማጣትህ ነው።»

ይህ ከጅብ ቁጣ ይልቅ ወጋው። ቀና ብሎ ሳያያት ሄደች።

ቀበሮ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። የጅብን ወደ አንድ ሰዓት ሲያነሳው የአህያም ይነሳል። የአህያን ሲያወርደው የጅብም ይወርዳል። አራት ጊዜ ደጋገመው፤ አራቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ትምክህቱ ባያስቸግረው ኖሮ ያንጊዜ ይገባው ነበር። እሱ ግን የጻፈው ሥራ እንከን ይኖረዋል ብሎ ማሰብ አልሆነለትምና ኮምፒውተሩን ዛር ሰፍሮበታል አለ። ሁለቱንም አንድ ሰዓት ላይ ትቶ ሊነሳ ሲል ከኋላው ትኩስ ትንፋሽ ተሰማው። ጅብ ተመልሶ መጥቷል። ነገ የሚለው ቀጠሮ ረዝሞበት ነው።

ጅብ መላ አምጥቶ ነበር። በሕይወቱ ብዙ መላ ያላመጣ ፍጡር አንድ ሲያመጣ ደግሞ እንዴት እንደሚኮራበት!

«ካርዷን ጨርሰህ አጥፋው» አለ። «የሌለ ካርድ የእኔን ሊጎትት አይችልም።»

ቀበሮ ይህ ከመቀነስ የባሰ ግፍ መሆኑን አላጣውም። የእርጉዟን አካሄድም አልረሳም። ግን ጅብ ከላዩ ቆሞ ያጉረመርማል፣ የአንበሳም ስም በየመሃሉ ይነሳል፤ ደግሞ የዚያ ዛር ነገር እልህ አስይዞታል። ዓይኑን ጨፍኖ የአህያን ስም ጠራ፤ ስሙ የሚያመለክተውን ካርድ አጠፋው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ካርዶች አሥር ሆኑ። ስሞቹ አሥራ ሁለት እንደነበሩ ናቸው። ቀበሮ ይህን አላየም፤ ኮምፒውተሩን ትቶ ሄዷል።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ኮምፒውተሩ ስሞቹን በተራ መጥራት ጀመረ። የጎሽ ተከፈተ። የዝሆን ተከፈተ። ሦስተኛው ስም የጅብ ነበር። ኮምፒውተሩ ስሙ ወዳመለከተው ቦታ ሄደ፤ እዚያ ምንም የለም። የሌለውን ካርድ ፈልጎ ፈልጎ እዚያው ቀጥ ብሎ ቀረ። ከጅብ ጀምሮ ያሉት አሥሩም ቦዮች ደረቁ። አንበሳ «ንጉሥ የሚጠጣው ሁሉም ከጠጡ በኋላ ነው» ብሎ ስሙን መጨረሻ ላይ አስገብቶ ነበርና የእሱም ቦይ አብሮ ደረቀ።

ጩኸቱ ሸለቆውን ሞላው። ቀበሮ ወደ ኮምፒውተሩ ከመሄዱ በፊት ምን እንደሆነ ለማየት ኮረብታው ላይ ወጣ። ከዚያ አናት ላይ ሁለቱም ተዳፋት ወለል ብሎ ይታያል። በአንዱ በኩል የጅብ ግልገሎች የደረቀውን የቦይ ድንጋይ ይልሳሉ። በሌላው በኩል አህያ ተኝታለች፤ አጠገቧም ገና ሰውነቱ ያልደረቀ ውርንጭላ እግሮቹ እየተጠላለፉበት ለመቆም ይታገላል። ንጋት ላይ ወልዳለች። ቆሞ ጡቷን ሲስብ ወተት አልወረደለትም፤ ውሃ ያላገኘች እናት ከየት ታምጣ?

ቀበሮ ወዲህ ያያል፣ ወዲያ ያያል። ሁለቱ ቦዮች አብረው ሞሉ። አብረው ቀነሱ። ይኸው አብረው ደረቁ።

እዚያው እንደቆመ አንድ ነገር ድንጋዩን እየቧጠጠ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። ኤሊ ናት። ትንፋሽ እያጠራት አጠገቡ ደርሳ ቆመች።

«ካርዱ ከዜሮ ከተቆጠረ ስሙስ ለምን ከዜሮ አልተቆጠረም?» አለችው። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጠይቅህ ዳገቱን እየወጣሁ ነው።»

ቀበሮ ቁጭ አለ። ያቺ በሙቀቱ መሃል የጻፋት አንድ መስመር ፊቱ ላይ መጣች። ለአህያ ካርድ ሠርቶላት አያውቅም። አሥራ ሁለት ስም ጽፎ አሥራ አንድ ካርድ ነው የሠራው፤ የአህያ ስም ከመጀመሪያው ጀምሮ የጅብን ካርድ ሲጠቁም ነበር። እሷን እቀንሳለሁ ሲል እሱን የቀነሰው፣ እሷን አጠፋለሁ ሲል እሱን ያጠፋው ለዚህ ነው። ዛር አልነበረም። እሱ ራሱ ነበር።

ከኮረብታው ማዶ ሌላ ሸለቆ አለ። ቀበሮ ደግሞ በትንሽ ውሃ መኖር ይችላል። አንድ ጊዜ ወደዚያ አየ፣ መንገዱንም በዓይኑ ለካ። ውርንጭላው እንደገና ሲወድቅ የሰማው ድምፅ አስመለሰው፤ ከኤሊ ቀድሞ ወደ ቋጥኙ ወረደ።

እንስሳቱ ሁሉ ኩሬው ዙሪያ ተሰብስበዋል። አንበሳ ከመካከላቸው ተቀምጦ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። ቀበሮ እውነቱን ሊናገር ወስኖ ነበር የመጣው፤ ምላሱ ግን የለመደውን መንገድ ያዘ። የሞተሮቹን እርጅና፣ የሶላሩን አቧራ፣ የበጋውን ክፋት እያነሳ ገና ሲጀምር ክቡ ተከፈተና አህያ ገባች። ልጇን ለእህቷ ትታ እየተንገዳገደች ነው የመጣችው። የቀበሮን ስም ሲጠሩት ሰምታ ነበርና ቀጥ ብላ ወደ አንበሳ ዞረች።

«ጌታዬ፣ በእሱ አይቆጡ» አለች። «ሞተራችንን ሲጠግን ነው የሰነበተው። ማሽን ይበላሻል፤ የእሱ ጥፋት አይደለም።»

ቀበሮን ከልጅነቱ ጀምሮ ብዙ ሰድበውታል፣ ብዙ አባረውታል፤ ዋሽቶ ሳለ እንዲህ የተሟገተለት ግን አልነበረም። መሬት መሬት እያየ ሞተር አለመበላሸቱን ተናገረ። በስንፍናው ሁለት ስም ለአንድ ካርድ መስጠቱን፣ ለጉበት ብሎ መጨመሩን፣ ፈርቶ መቀነሱን፣ ከዚያም የአህያ መስሎት የሁለቱንም ማጥፋቱን ምንም ሳያስቀር ነገራቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ጅብ ነው። ከተነገረው ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች የገባችው፤ እሷም አናደደችው።

«እኔ አጥፋ ያልኩት እኮ የአህያን ነው» አለ። «የእኔን አጥፋ አላልኩትም።»

የሁሉም አንገት ወደ እሱ ዞረ። የአንበሳ አንገት ከሁሉም ዘግይቶ፣ ቀስ ብሎ ዞረ። ጅብ ምን እንዳለ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ የታጠፈ ጆሮውን ጭራሽ ወደ ኋላ ለጠፈው።

አንበሳ ለቅጣቱ አልቸኮለም። ከሁሉ በፊት ውሃ ይውረድ አለ። መዝጊያዎቹን ያለ ሞተር ለማንሳት ጉልበት ያስፈልጋልና ጎሽና ዝሆን በየቦዩ ተሰማሩ። የአህያን መዝጊያ እንዲያነሳ የታዘዘው ጅብ ነው፤ ብረቱን በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ እንዲቆም፣ ካርዱ ተጽፎ እስኪያልቅም እንዳይንቀሳቀስ ተነገረው። ውሃው በሆዱ ሥር እያለፈ ወደ አህዮች ሲወርድ ያየዋል፣ ጎንበስ ብሎ ሊጠጣ ሲል ብረቱ ይጫነዋል። አህያ ጠጣች፣ አረፍ ብላ ደግማ ጠጣች። ረፋዱ ላይ ውርንጭላው ጡት ሲስብ አፉ ዙሪያ ነጭ አረፋ ታየ። ቀበሮ ይህን ከሩቅ አይቶ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከዚያ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ።

አሁን አልቸኮለም። ለጅብ አዲስ ካርድ ከፈተ። ለአህያም ሌላ ካርድ ከፈተ፤ ቁጥሩ ከጅብ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆንም እያንዳንዱን መስመር በእጁ ጻፈው። ኤሊ አጠገቡ ሆና ፈተነችው። የአህያን ካርድ አምስት ደቂቃ ጨምር አለችው፤ ጨመረ። የጅብን አሳየኝ አለችው፤ የጅብ ባለበት ቆሟል። የጨመረውን መልስ አለችው። በአሥራ ሁለቱም ስም ሁለት በሁለት እንደዚህ እያደረጉ ሲፈትኑ ዋሉ፤ የጅብ ማጅራት ደግሞ እስከዚያ ድረስ ከብረቱ ሥር ነው።

አንድ ካርድ ላይ ግን ተከራከሩ። ከቤተሰቦቹ ካርዶች ጋር የማይቆጠር፣ የኩሬው ውሃ ስንት ክንድ እንደደረሰ የሚጻፍበት ካርድ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ከእሱ እያነበበ ነው ድርቅ ሲከፋ የሁሉንም ሰዓት በእኩል የሚያሳጥረው። ቀበሮ ከደረሰበት የተነሳ አንድ ነገር በሁለት ስም መጠራቱን እንደ እሳት ፈርቶት ነበርና ይህንንም አሥራ ሁለት ቦታ ገልብጦ ለየቤተሰቡ ሊያድል ተነሳ። ኤሊ ከለከለችው።

«ኩሬው አንድ ነው» አለችው። «አሥራ ሁለት ቦታ ከጻፍከው፣ ውሃው ሲወርድ አንዱን ታስተካክልና አሥራ አንዱ ይዋሻሉ። ይህ የጋራ ይሁን። የጋራ መሆኑ ግን ይታወቅ።»

ቀበሮ ትንሽ አሰበበትና ገባው። የኩሬው ካርድ አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሁሉም ያነቡታል፤ ቁጥሩን የምትለውጠው ግን ኩሬውን በክንዷ የምትለካው ኤሊ ብቻ እንድትሆን ተወሰነ። ካርዱ ግርጌ ላይም የሚያነቡት ሁሉ ስማቸው ተዘረዘረ። ቀበሮ ደግሞ ከራሱ አንድ ነገር ጨመረ፤ ወደ አንድ ካርድ የሚያመለክት አንድ ስም እንኳ እስካለ ድረስ ኮምፒውተሩ ያን ካርድ አላጠፋም እንዲል አደረገው። የመጨረሻው ስም ሲለቀው ብቻ ይጠፋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ ሁለቱም መዝጊያዎች በራሳቸው ተከፈቱ። ጅብ ከብረቱ ሥር ሲወጣ አንገቱን ማዞር አልቻለም። ለብዙ ቀን ወደ ግራ ለማየት ሲፈልግ መላ ሰውነቱን ያዞር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅጣት አላስፈለገውም።

የቀረው ቀበሮ ነው። ከርከሮ ይባረር አለ። ጦጣ ኪቦርዱ ለእኔ ይሰጥ አለች። አንበሳ ሁሉንም ሰምቶ ቀበሮን ሌላ ነገር አዘዘው። የቀበሮ ቤተሰብ የራሱ ካርድ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይዘጋ፤ የቀበሮ ስም ወደ አህያ ካርድ ያመልክት፤ ይህም በሁሉም ፊት ይጻፍ። አህያ ስትጠግብ ይጠግባል፣ ስትጠማ ይጠማል። አህያን እንዴት ታዪዋለሽ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም አስባ፣ ትንሽ እንደ መሳቅ ብላ፣ ደስ እንደሚላት ተናገረች። ቀበሮ መስመሩን በገዛ እጁ ጻፈው። ያቺው መስመር ነበረች፤ ልዩነቷ አሁን ምን ማለት እንደሆነች ማወቁ ነው።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ፀሐይ ከመውጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ቀበሮ ወደ አህዮች ቦይ ይወርዳል። ቅጠል ካገደው ያነሳል፣ ድንጋይ ከተንሸራተተ ይመልሳል፣ መዝጊያው እስከ አፉ መነሳቱን ያያል። አንድ ቀን ጎሽ በዚያ ሲያልፍ አየውና ለአህያ ይህን ያህል ማሰብ ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ቀለደበት። ቀበሮ መጀመሪያ የሚመልሰው ሹል ነገር ፈልጎ ነበር። ከዚያ ውርንጭላውን አየ፤ እግሮቹ ጸንተውለት፣ አፍንጫውን ነክሮ፣ ውሃውን በአረፋ እየበጠበጠ ይጠጣ ነበር። አጠገቡ ጎንበስ አለና እሱም ከዚያው ቦይ ጠጣ።

ከዚህ የምንማረው ለአንድ ነገር ሁለት ስም ማውጣት ሁለት ነገር መሥራት አለመሆኑን፣ ብዙዎች የያዙትን ነገር ለመለወጥ ወይም ለማጥፋት እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊትም ሌላ ማን እንደያዘው ማጣራት እንደሚገባን ነው።